አየሩ በየት ይለፍ? ለጨው ሜዳ ሩጫ የመኪና አፍንጫ አሠራር

የፍጥነት ሪከርድ የሚሰብር መኪና ፊቱ ሹል መሆን አለበት የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ጋራዥ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ለምን አላሾላችሁትም?» ብሎ ነው። ሹል አፍንጫ የሚያስፈልገው ወደ ድምፅ ፍጥነት ለተጠጋ መኪና ነው። በ1997 (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አንዲ ግሪን ኔቫዳ ውስጥ ብላክ ሮክ በረሃ ላይ በሰዓት 1,228 ኪሎ ሜትር የነዳት ትረስት ኤስኤስሲ ሹልነት ያስፈልጋት ነበር። በሰዓት 300 ወይም 400 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ መኪና ግን የሚያዋጣው ዝቅ ያለ፣ ጠርዙ ክብ የሆነ፣ ልሙጥ አፍንጫ ነው። በዚህ ፍጥነት ግፊቱ ከመኪናው ቀድሞ ይሄዳል። አየሩ መኪናው ሳይደርስበት ገና መከፈል ይጀምራል። ስለዚህ አየሩን ለመውጋት አትድከሙ። መንገዱን ምረጡለት።

አራት መንገድ አለው። በላይ፣ በጎን፣ በሥር፣ እና በቀዳዳ ወደ ውስጥ። አፍንጫ መንደፍ ማለት ለእያንዳንዱ መንገድ ምን ያህል አየር እንደምትሰጡ መወሰን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ማን እንደሆንኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ባትላሜራ ቤት ነው። አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ቀን ቀን የተጋጨ መኪና እጠግናለሁ። ማታና ቅዳሜ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር የ1953 ስቱድቤከር ኩፔ ላይ እሠራለሁ። ስቱድቤከር ቦንቪል በሚባለው የጨው ሜዳ ላይ የተወደደ መኪና ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ኮፈኑም ቁልቁል የወረደ ስለሆነ ከጊዜው መኪናዎች ሁሉ ለአየር የተሻለ ነው። የጨው ሜዳው ከእኛ ከተማ በአይ-80 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይደረሳል፤ ዌንዶቨር የምትባለው ከተማ ሳይደረስ ነው።

ደንቡን አስቀድማችሁ አንብቡ

በየኦገስቱ ቦንቪል ላይ ስፒድ ዊክ (የፍጥነት ሳምንት) የሚባለውን ውድድር የሚያዘጋጀው በ1937 የተመሠረተው የደቡብ ካሊፎርኒያው የሰዓት መለኪያ ማኅበር፣ ኤስሲቲኤ ነው። ቦንቪል ላይ ማሮጥ የጀመረው በ1949 ነው። ማኅበሩ የደንብ መጽሐፍ አለው፤ መኪናዎቹም በምድብ በምድብ ይከፈላሉ። በፕሮዳክሽን ምድብ ፊቱ ከፋብሪካ እንደወጣ መቆየት አለበት። ሌክስተር በሚባለው ምድብ ጎማዎቹ ከገላው ውጭ ይታያሉ፣ መሸፈን አይቻልም። ስትሪምላይነር በሚባለው ምድብ ደግሞ ቅርፁ በአብዛኛው የእናንተ ነው። በእነዚህ መሀል ያሉት ምድቦች አንዳንዱን ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዱን ይከለክላሉ።

አንድ ካርቶን እንኳን ከመቁረጣችሁ በፊት ምድባችሁን ምረጡ። የገባችሁ ያልመሰላችሁ አንቀጽ ካለ የቴክኒክ ፍተሻ ኃላፊዎቹን በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡት። ክረምቱን ሙሉ የተሠራ አፍንጫ ፍተሻ ላይ ሲወድቅ ማየት ያሳዝናል። ሰውየው ከሌላ ግዛት መኪናውን ጎትቶ መጥቶ ሳይሮጥ ይመለሳል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም

የአየር መቋቋም በአራት ነገር ይወሰናል። በአየሩ ክብደት፣ መኪናው ከፊት ሲታይ ባለው ስፋት፣ ሲዲ በሚባለው የቅርፅ ቁጥር፣ እና በፍጥነቱ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መቋቋሙ አራት እጥፍ ይሆናል። የሚፈለገው የፈረስ ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ።

በቁጥር እንየው። ሲዲው 0.30 የሆነ፣ የፊት ስፋቱ 2 ካሬ ሜትር የሆነ መኪና አለን እንበል። በኦገስት ሙቀት ቦንቪል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 1 ኪሎ ይመዝናል። ይህ መኪና በሰዓት 322 ኪሎ ሜትር (200 ማይል) ሲሮጥ አየሩን ለመግፋት ብቻ 290 ፈረስ ጉልበት ያህል ይፈልጋል። ወደ 402 (250 ማይል) ከፍ ልበል ካለ 560 ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ በሩብ አደገ፣ ጉልበቱ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የጎማውና የጨዉ ግጭት ከዚህ ውጭ ነው።

አሁን ሞተሩን ሳትነኩ ሲዲውን ከ0.30 ወደ 0.24 አወረዳችሁት እንበል። ያው 290 ፈረስ ጉልበት 347 ኪሎ ሜትር ያደርሳችኋል። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ከላሜራና ከፋይበር ግላስ ተገኘ ማለት ነው። ያንኑ ከሞተር ለማግኘት የሚወጣውን ገንዘብ ሞተር የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር ልበል። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ቁልቁል የነዳ ሰው ሞተሩ እንዴት እንደሚነቃ ያውቃል። ቦንቪል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,280 ሜትር ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። መቋቋሙ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ለዚህ ነው የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ የተለካ የፈረስ ጉልበት ይዞ ሒሳብ መሥራት የማይሆነው።

ቅርፅና ስፋት ምን ያህል እንደሚወስኑ ለማየት ጎልደንሮድ የተባለውን መኪና መመልከት ይበቃል። ቦብና ቢል ሰመርስ የተባሉ ወንድማማቾች አራት የክራይስለር ሄሚ ሞተሮችን በአንድ መስመር ደረደሩ። መኪናው ረጅምና ቀጭን ሆነ። የፊት ስፋቱ ከ0.8 ካሬ ሜትር አይበልጥም፣ ሲዲውም 0.12 ገደማ ነበር። በኖቬምበር 1965 ቦንቪል ላይ በሰዓት 658 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ከፒስተን ሞተር መኪናዎች መካከል ያንን ቁጥር የበለጠው የተገኘው በ1991 ነው። ዛሬ ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ውስጥ አለ። የምትችሉ ሄዳችሁ አፍንጫውን ከጎን እዩት።

አየሩ የሚከፈልበት መስመር

በማንኛውም አፍንጫ ላይ አየሩ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት መስመር አለ። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኮፈኑ ይወጣል። ከዚያ በታች ያለው በመኪናው ሥር ይገባል። ንድፉ የሚጀመረው ይህን መስመር ከመምረጥ ነው።

መስመሩን ዝቅ አድርጉት። ከፍ ያለ ከሆነ ብዙ አየር ከሥር ይገባል። ከሥር ደግሞ አክስል አለ፣ የጭስ ማውጫ አለ፣ ካምቢዮ አለ፣ ቡሎን አለ። አየሩ ከእያንዳንዱ ጋር ይጋጫል። መውጫ ሲያጣም አፍንጫውን ወደ ላይ ይገፋዋል።

መስመሩ ካለፈ በኋላ ያለው ኩርባ ነው ቀጣዩ ጉዳይ። አየር ስለታም ጠርዝ ላይ መታጠፍ አይችልም። ከላሜራው ይላቀቅና ይበጠበጣል። በጀርመን ብራውንሽቫይግ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የነፋስ ዋሻ ውስጥ የመጀመሪያው የቮልስዋገን ኮምቢ ሞዴል በ1949 ሲፈተሽ ሲዲው 0.75 ነበር። ፊቱን ክብ ክብ ሲያደርጉት፣ የፊት መስታወቱንም ለሁለት ከፍለው ወደ ኋላ ሲያዘነብሉት 0.44 ሆነ። መኪናው አልሾለም። ጠርዙ ብቻ ነው የተለወጠው።

ምን ያህል ክብ? የጠርዙ ሬዲየስ ከመኪናው ወርድ 5 በመቶ ገደማ ከደረሰ አብዛኛው ጥቅም ተገኝቷል። ወርዱ 1.8 ሜትር ለሆነ መኪና 9 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። እኔ ከዚያ ትንሽ ጨመር አድርጌ 12 እና 13 መሥራት እመርጣለሁ። ምክንያቱም ነፋስ ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይመጣም፤ ትንሽ ከጎን ሲመጣ ነፋሱ ከመጣበት ተቃራኒ ያለው ጠርዝ የበለጠ ይጨነቃል።

ኮፈኑ ከአፍንጫው ሲቀጥል ኩርባው ድንገት እንዳይለወጥ። ረጅም ቀጭን የእንጨት ዘንግ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ መስታወቱ ሥር ብታጎብጡበት ዘንጉ በየቦታው መንካት አለበት። ክፍተት የሚታይበት ቦታ አየሩም የሚቸገርበት ቦታ ነው።

ከሥሩና ከጎማው

ኤር ዳም የሚባለው ከአፍንጫው ሥር ወደ ጨዉ የሚወርደው ግድብ ነው። ሥራው ከሥር የሚገባውን አየር መቀነስ ነው። የፊት ስፋትን ትንሽ ይጨምራል፣ ግን ከሥር ያለውን ትርምስ ስለሚያስቀር በአብዛኛው ትርፉ ይበልጣል። እጅግ ዝቅ ማድረግ ግን አደጋ አለው። ጨዉ ከሩቅ ሲያዩት ለጥ ያለ ነው እንጂ እብጠትና ጎድጓዳ አለው፤ በተለይ ብዙ መኪና ከሮጠበት በኋላ። የእኛ ከጨዉ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆማል። ደንቡ ከፈቀደላችሁ የመጨረሻዋን ጠርዝ ከሚታጠፍ ፕላስቲክ ሥሩት።

ግድቡ ቀጥ ብሎ እንዳይቀር። ጎኖቹ ወደ ኋላ ታጥፈው የፊት ጎማዎቹን ከፊት መከለል አለባቸው። ምክንያቱ ይህ ነው። የሚሽከረከር ጎማ አናቱ ከመሬት አንጻር በመኪናው ፍጥነት እጥፍ ወደ ፊት ይሄዳል። መኪናው 322 ሲሮጥ የጎማው አናት 644 እየሄደ ነው። ያንን ለአየር አጋልጦ መተው ብክነት ነው። ቀጭን የፊት ጎማ ምረጡ። ቸርኬውን ለጥ ባለ የአሉሚኒየም ክዳን ሸፍኑት። ቦንቪል ላይ ሙን ዲስክ ይሉታል፣ የመኪና ዕቃ ሠሪ በነበረው በዲን ሙን ስም።

አፍንጫው ከኋላው ትንሽ ዝቅ ይበል። ስቱድቤከሩ ከአክስል እስከ አክስል ወደ 3 ሜትር ስለሆነ አንድ ዲግሪ ማዘንበል ማለት የ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው። ይህን ስታደርጉ ሞላውን አትርሱ። በፍጥነት ላይ አየሩ አፍንጫውን ሲያነሳ ሞላው ይፈታል። አፍንጫው በተነሳ ቁጥር ከሥር የሚገባው አየር ይበዛል፤ ያ ደግሞ መልሶ ያነሳዋል። ስለዚህ የፊት ሞላው ወደ ላይ የሚፈታበትን ርቀት በጠንካራ ቀበቶ ወይም በብረት ገድቡት። ቆሞ የለካችሁት ቁመት በሩጫ ላይም ያው መሆን አለበት።

ቀዳዳ የሚቀደደው ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው

በመንገድ መኪና ላይ ግሪሉ ለራዲያተር ነው። ለራዲያተር የገባ አየር በሞተሩ ክፍል ውስጥ ተበጥብጦ ከሥር ይወጣል። ብዙ ጉልበት ይበላል። የጨው ሜዳ ሩጫ ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ራዲያተሩን አውጡት። በምትኩ ትልቅ የውኃ ጋን አስገቡና በበረዶ ሙሉት። ግሪሉን ድፈኑት። ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። በ1947 ቦንቪል ላይ በሰዓት 634 ኪሎ ሜትር የሮጠው የጆን ኮብ ሬይልተን መኪናም በራዲያተር ፈንታ የበረዶ ጋን ነበረው። ከሬኖ ከተማም ሆነ ከዌንዶቨር የምትመጡ ሁሉ በረዶውን ጠዋት ግዙት፤ በኦገስት ከሰዓት በኋላ ማግኘት ችግር ነው።

ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ግን መግባት አለበት። ሁለት ጥሩ ቦታ አለ። አንደኛው ያ አየሩ የሚቆምበት መስመር ላይ ነው፤ ግፊቱ ትልቁ እዚያ ነው። በ322 ኪሎ ሜትር 4 ኪሎ ፓስካል ያህል ትርፍ ግፊት ታገኛላችሁ። የቦንቪል የተፈጥሮ ግፊት ወደ 87 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ ወደ 4 በመቶ ተኩል ጭማሪ ነው። ያለ ቱርቦ የመጣ ነው። ሁለተኛው ቦታ የፊት መስታወቱ ሥር ነው። ኮፈኑ ላይ የመጣው አየር መስታወቱ ፊት ሲደርስ ይታጎራል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል።

አፍንጫ ላይ የምትቀድዱት ከሆነ ሦስት ነገር ጠብቁ። የቀዳዳው ከንፈር ክብ ይሁን። ከከንፈሩ በኋላ ቱቦው ቀስ እያለ ይስፋ፤ ከ7 ዲግሪ በላይ ከተከፈተ አየሩ ከግድግዳው ይላቀቃል። ሦስተኛው ካርቡሬተር ላላቸው ነው። የቤንዚን ሳህኑ መተንፈሻም ያንኑ ግፊት ማግኘት አለበት። አለዚያ በአየሩ ግፊት ምክንያት ቤንዚኑ በትክክል አይወርድም፣ ሞተሩም በመጨረሻው ማይል ላይ ቤንዚን ይጠማዋል። ፒስተን የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

የገባው መውጣትም አለበት። የሞተሩ ክፍል ሙሉ በሙሉ ቢደፈን እንኳን በጎማው በኩል አየር ይገባል። መውጫውን በጎን፣ ከፊት ጎማው ኋላ ስጡት፤ እዚያ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ራሱ ይስበዋል። ኮፈኑ ላይ መስታወቱ አጠገብ መውጫ የሚሠሩ አሉ። እዚያ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ አየሩ በመውጣት ፈንታ ይገባል።

መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ሲዲ ዝቅ ስላለ ብቻ አፍንጫው ጥሩ ነው አይባልም።

ከጎን ነፋስ ሲመታው የነፋሱ ኃይል መኪናውን የሚገፋበት አንድ ነጥብ አለ። የግፊት ማዕከል እንበለው። የመኪናው ክብደት የሚሰበሰብበት ሌላ ነጥብ አለ። የግፊት ማዕከሉ ከክብደቱ ማዕከል ኋላ መሆን አለበት። ቀስት ላባው ከኋላ፣ ብረቱ ከፊት የሆነው ለዚህ ነው። ተገላቢጦሽ ከሆነ መኪናው ትንሽ ጠመም ባለ ቁጥር አየሩ የበለጠ ያጠመዋል። ጨዉ ላይ ጎማ የሚይዘው ከአስፋልት ያነሰ ነው፤ ሾፌሩ መሪ አዙሮ የሚያስተካክልበት ዕድል ጠባብ ነው።

ረጅምና ከጎን ሲታይ ከፍ ያለ አፍንጫ የግፊት ማዕከሉን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ስለዚህ አፍንጫ ባረዘማችሁ ቁጥር ዋጋ እየከፈላችሁ እንደሆነ እወቁ።

እንዴት ይለካል? የክብደቱ ማዕከል ቀላል ነው። መኪናውን ቤንዚኑን፣ ውኃውንና ሾፌሩን ይዞ በአራት ሚዛን ላይ አቁሙት። ከአክስል እስከ አክስል 3 ሜትር ሆኖ 52 በመቶው ክብደት የፊት ጎማዎች ላይ ካረፈ የክብደቱ ማዕከል ከፊት አክስል 1.44 ሜትር ወደ ኋላ ነው። የኋላውን ድርሻ፣ 0.48ን፣ በ3 ማባዛት ብቻ ነው።

የግፊት ማዕከሉን በግምት ለማግኘት የመኪናውን የጎን ፎቶ ካርቶን ላይ ለጥፉና በዙሪያው ቁረጡት። ካርቶኑን በመርፌ ጫፍ ላይ ሚዛኑን እስኪጠብቅ አንቀሳቅሱት። ሚዛን የያዘበት ነጥብ የጎን ስፋቱ መሀል ነው። ልብ በሉ፣ እውነተኛው የግፊት ማዕከል ከዚህ ነጥብ ወደ ፊት ይቀድማል፤ አፍንጫው ከድርሻው በላይ ስለሚሠራ። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የምታገኙት ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል በደንብ ወደ ኋላ መራቅ አለበት። ተቀራርበው ካገኛችኋቸው አፍንጫውን አሳጥሩ፣ ወይም እርሳስ ከፊት ጫኑ፣ ወይም ደንቡ ከፈቀደ ከኋላ ክንፍ አቁሙ። እርሳስ መጫን ጨው ላይ ነውር አይደለም። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ለረጅም ርቀት ስለምትፈጥኑ ክብደት እንደ ሌላው ውድድር አይጎዳም። ጎማው እንዲይዝም ይረዳል።

ሥራው

ኮምፒውተር የምታውቁ ኦፕንፎም የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር አለላችሁ። አየሩ ምን እንደሚያደርግ ያሳያል። ስትጠቀሙበት መሬቱም ከአየሩ ጋር እንዲንቀሳቀስ፣ ጎማዎቹም እንዲዞሩ አድርጉ። መሬቱ ቆሞ ከሆነ ከመኪናው ሥር የሚያሳያችሁ ሁሉ ውሸት ነው።

እኔ ግን በእጅ የሚሠራውን ነው የማውቀው። ከ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ላይ የአፍንጫውን ቅርፅ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ቁረጡ። የግማሹን ብቻ ሳሉ፤ ሌላውን ግማሽ ያንኑ ገልብጣችሁ አውጡት። ግራና ቀኙ ከተለያየ መኪናው በፍጥነት ላይ ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ምክንያቱንም ፈልጋችሁ አታገኙትም። ቅርፆቹን በቁመት ደርድራችሁ መሀሉን በፎም ሙሉት። በረጅም የብርጭቆ ወረቀት ጣውላ እያሰያፋችሁ ፈግፍጉት። አጭር ጣውላ ማዕበል ይተዋል።

ልስላሴውን በመዳፍ ፈትሹ። መዳፋችሁና አፍንጫው መሀል ስስ ጨርቅ አድርጉ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ከፊት ወደ ኋላ ሳቡት። ጨርቁ ግጭቱን ስለሚያጠፋው እጅ እብጠቱን ብቻ ይሰማል። አዲስ አበባ ያስተማሩኝ ጌታዬ ስቱኮ የተቀባ ፓራፋንጎ ላይ ይህን ሳያደርጉ ቀለም አያስነኩም ነበር። ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል። ከዚያ ላዩን በውኃ አርጥቡትና የፍሎረሰንት መብራት ነጸብራቅ ተመልከቱበት። የመብራቱ መስመር የሚሰበርበት ቦታ ገና ሥራ ይቀረዋል።

ከዚህ በኋላ ሁለት አማራጭ አለ። በፎሙ ላይ ሻጋታ አውጥታችሁ በፋይበር ግላስ መሥራት ይቻላል። ወይም ፎሙን እንደ መለኪያ ይዛችሁ 1.6 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም በመዶሻና በላሜራ ማጎበጫ መንኮራኩር መቀጥቀጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ፋይበር ግላስ ይሻላችኋል። ቢጎዳ በአንድ ሌሊት ይጠገናል።

ጥንካሬው ላይ አትሰስቱ። በ322 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት የሚገጥመው ግፊት በካሬ ሜትር 400 ኪሎ ያህል ነው። ግማሽ ካሬ ሜትር የሆነ የአፍንጫ ፊት ላይ ሁለት መቶ ኪሎ ተጭኖበታል ማለት ነው። ኮፈኑ ላይ ደግሞ ኃይሉ ተቃራኒ ነው። አየሩ ኩርባው ላይ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ ኮፈኑንም ወደ ላይ ይስበዋል። አንድ ካሬ ሜትር ኮፈን ላይ ሁለት መቶ ኪሎ የሚስብ ኃይል ቢኖር አይግረማችሁ። ከውስጥ ጎድን ሥሩለት። በሩብ ዙር የሚቆለፉትን ዙስ የሚባሉ ማሰሪያዎች በየ15 ሴንቲ ሜትሩ አስገቡ። የመንገድ መኪና የኮፈን ቁልፍ ብቻውን ለዚህ አልተሠራም። ኮፈን በዚያ ፍጥነት ተነስቶ መስታወት ላይ ቢያርፍ ሾፌሩ ምንም አያይም።

መጋጠሚያዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ያዙ። ሁለት ላሜራ ሲገናኙ ፍጹም እኩል መሆን ካልቻሉ የፊተኛው በጥቂቱ ከፍ ይበል፣ የኋለኛው ዝቅ። አየሩ ከደረጃ ቢወርድ ይሻላል፣ ከደረጃ ጋር ከሚላተም። የቀረውን ክፍተት በፕላስተር ድፈኑት። የመብራት ቀዳዳም፣ የበር ክፍተትም ይደፈን፤ ሾፌሩ በፍጥነት መውጣት የሚያስችለውን ግን በምንም አትንኩ።

ጨዉ ላይ ማየት

አጫጭር የሱፍ ክሮች፣ ጣት የሚያህሉ፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ አፍንጫው፣ ፓራፋንጎውና ኮፈኑ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። በዝግታ ሩጫ ላይ ሌላ መኪና ጎን ለጎን እየሄደ ቪዲዮ ይቅረጽ። ለዚህ የተዘጋ የግል መንገድ ወይም የሙከራ ቦታ ፈልጉ። ለጥ ብሎ ወደ ኋላ የተኛ ክር አየሩ እንደያዘ ይነግራችኋል። የሚንቀጠቀጥ ወይም ወደ ፊት የሚዞር ክር ካለ አየሩ ከዚያ በፊት ተላቋል። መስተካከል ያለበት ክሩ ያለበት ቦታ ሳይሆን ከሱ ቀድሞ ያለው ኩርባ ነው። አፍንጫው ፊት ላይ ደግሞ ወደ ላይ የዞሩትንና ወደ ታች የዞሩትን ክሮች ለዩ። በመሀላቸው ያለው ያ የመረጣችሁት መስመር ነው። ካሰባችሁት ከፍ ብሎ ካገኛችሁት ግድቡን አውርዱ።

ከሩጫ በኋላ ጨዉ ራሱ ምስክር ነው። አቧራው ገላው ላይ የአየሩን መንገድ ይስላል። ንጹሕ ሆኖ የቀረው ቦታ አየሩ በፍጥነት ያለፈበት ነው። ዱቄቱ ተከምሮ የምታገኙት አየሩ በቆመበትና በሚሽከረከርበት ነው። ሳትጠርጉ ፎቶ አንሱት። በየሩጫው አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ግድቡን ካወረዳችሁ ያንን ብቻ። የነፋሱን አቅጣጫ፣ ሙቀቱንና የሞተሩን ዙር ከፍጥነቱ ጋር ጻፉ። ስፒድ ዊክ ላይ ሪከርድ የሚመዘገበው የሁለት ሩጫ አማካይ ተወስዶ ስለሆነ ሁለተኛው ሩጫ የሚያስፈራ ለውጥ የሚሞከርበት ጊዜ አይደለም።

ሾፌሩን ጠይቁት። «መሪው ቀለለብህ?» በሉት። ፍጥነት ሲጨምር መሪው ከቀለለ አፍንጫው እየተነሳ ነው። ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያምር ያ ሳይስተካከል ለተጨማሪ ፍጥነት አትላኩት።

ቤት ስትመለሱ ከሁሉ በፊት እጠቡ። ጨዉ ከግድቡ ኋላ፣ በፓራፋንጎው ውስጥ፣ በማሰሪያዎቹ ሥር ይገባል። አሉሚኒየምና ብረት የሚገናኙበትን ቦታ ቶሎ ይበላዋል። ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልስ ከባድ መኪና ሻንሲ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። አፍንጫውን ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ለብ ባለ ውኃ ከውስጥ ወደ ውጭ እጠቡት። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አድርቁና ዘይት ቀቡ። ስንጥቅ ካለ የሚታየው ያኔ ነው፤ በጠመኔ አክብባችሁ ቀኑን አጠገቡ ጻፉበት።